የገና ምኞት በሽሮ ሜዳ

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ፤ የአራት ወዳጆችን የገና ሰሞን ወግ ልንገራችሁ።

ቦታው ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው፣ የሐበሻ ልብስ የሚሸመንበትና የሚሸጥበት ሰፈር። ጊዜው ታኅሣሥ ተጋምሶ በዓሉ የተቃረበበት ሳምንት ነው። በዚያ ሰሞን ሽሮ ሜዳ እንቅልፍ የለውም። ነጠላ የሚገዛው፣ ቀሚስ ያዘዘችው፣ ለልጁ ጥለት የሚያማርጠው ከጠዋት እስከ ማታ መንገዱን ሞልቶት ይውላል። በየግቢው ደግሞ የሸማኔው መወርወሪያ ከወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይሰማል።

ከነዚያ ግቢዎች በአንዱ አራት ሰዎች ቡና ሊጠጡ ተሰብስበዋል። አንዱ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ በኩል የመጣ ሸማኔ ነው። አንዷ ነጠላ ቋጪ ናት። ሦስተኛው ከሽሮ ሜዳ አራት ኪሎ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አራተኛዋ የግቢው ባለቤት፣ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አሮጊት ናቸው። ኅዳር 15 የገባው የነቢያት ፆም ገና ስላልተፈታ ከቡናው ጋር የቀረበው የገብስ ቆሎ ብቻ ነው።

ቋጪዋ ቡና እየጠጣችም ሥራ አትፈታም። ከነጠላው ጫፍ የተንዘረፈፈውን ክር ቆንጠር አድርጋ ትይዛለች፤ ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ሁለቱን በየተራ በጣቷ ታከርራለች፤ ከዚያ አንድ ላይ መልሳ ታጠማዝዝና ጫፉን ትቋጥራለች። አንዱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ጨዋታው ቢደራም አንድ ክር አይዘላትም።

«ለመሆኑ ለገና ምን ትመኛላችሁ?» አለች፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ።

ሹፌሩ ቀደመና «ጤናና ሰላም» አለ።

«እሱንማ ሁላችንም እንመኛለን። እኔ የጠየቅኩህ የራስህን ነው።»

ሹፌሩ ሲኒውን አስቀመጠ። «እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ የገና ሌሊት፣ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ ማስቀደስ እመኛለሁ። ሰው ሁሉ ነጩን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ደጁ ላይ አወርዳለሁ፣ ሌላውን ላመጣ እመለሳለሁ። ለመኪናው ባለቤት የማስገባው ሒሳብ አለ፤ የቤት ኪራይም አለ። በዓል ሲሆን ገበያው ደህና ስለሆነ ማቆም ያሳሳል።»

ተራው የሸማኔው ሆነ። «እኛ ዘንድ ትልቁ በዓል መስቀል ነው» አለ። «ለመስቀል የጋሞ ሰው የትም ቢኖር አገሩ ይገባል። እኔም ዘንድሮ ገብቼ ከወንድሞቼ ጋር በልቼ መጥቻለሁ። ገና ግን ሥራ የሚበዛበት ነው፤ መንገድ አይታሰብም። እስከ ዋዜማው ምሽት እግሬ ከሸማ ጉድጓዱ አይወጣም። በነጋታው ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ክፍት የሆነ ምግብ ቤት ፈልጌ ብቻዬን እበላለሁ። የምመኘው በዓሉን ከሰው ጋር መብላት ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው እዚያ ግቢ ቡና መጠጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሲታመም ጠይቀውታል፣ ሲያዝን አብረውት አዝነዋል። የገና ዕለት ምሳውን የት እንደሚበላ ግን አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። በየዓመቱ «እንኳን አደረሰህ» ይሉታል፤ እሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብሎ ይወጣል። ወዴት? የሚል አልነበረም።

እማማም ምኞታቸውን ተናገሩ። «እኔስ ልጆቼ፣ የላሊበላን ገና ሳላይ እንዳልሞት ነው።» ምኞታቸው ትልቅ ነው። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ድርብ በዓል ነውና፤ የጌታ ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ይውላሉ። ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ የሚደርስ ምእመን አለ። ጠዋት በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ በዐለቱ ጠርዝ፣ ከታች ደግሞ በቅጽሩ ውስጥ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እማማ ይህን በቴሌቪዥን ሲያዩ ኖረዋል፤ እዚያ መቆም ግን አልሆነላቸውም።

ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ የቋጪዋ ስልክ ጠራ። ከቤይሩት ነው። የደወለችው የእማማ ልጅ፣ የቋጪዋም አብሮ አደግ ናት፤ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

«እማዬ፣ ዘንድሮ በ28 ነው በ29?» ብላ ጀመረች። አገር ቤት ያለ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ሰፈሩ ራሱ ይነግረዋል። ለእሷ ግን የሚነግራት የለም።

«29 ነው ልጄ። በ28 የሚውለው በዘመነ ዮሐንስ ነው» አሉ እማማ። ልክ ናቸው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት በ28 ይውላል። ከመጋቢት 29 የጌታ ፅንሰት ጀምሮ የሚቆጠረው 9 ወር ከ5 ቀን እንዳይዛነፍ ነው።

ልጅቷ የራሷን ኑሮ አጫወተቻቸው። አሠሪዎቿ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ገናቸው በእኛ ታኅሣሥ 16 ይውላል። «ሥጋውን የምጠብሰው እኔ፣ እንግዳውን የማስተናግደው እኔ፤ ግን ፆመኛ ነኝ። እነሱ በልተው ሲነሱ ሳህኑን አጥባለሁ። የእኔ ገና ሲደርስ ደግሞ ለእነሱ ተራ ቀን ነው፤ መስኮት ስወለውል እውላለሁ።»

ቋጪዋ ያንኑ ጥያቄ አነሳችባት። «አንቺስ እህትዓለም፣ ምን ትመኛለሽ?»

ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ገንዘቡን ልኬያለሁ። ዶሮውም ቅቤውም ይገዛበታል። የምመኘው እማዬ ገበታ ላይ ብቻዋን እንዳትቀመጥ ነው። አምና ስደውል ‹በልቻለሁ› አለችኝ። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፤ አልበላችም ነበር።»

እማማ መልስ አልሰጡም። ቋጪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላውን ከጭኗ ላይ አነሳችና አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ንግግር አልፈለገም። እማማ ወደ ሸማኔው ዞሩና «እኔ ዘንድ ነው የምትበላው። ምግብ ቤት ስትሄድ ባይህ እቀየምሃለሁ» አሉት። ሰፈሩ ቀደም ብሎ በሬ ለቅርጫ ተነጋግሮ ነበር፤ ሸማኔውና ቋጪዋ አንድ መደብ ለሁለት ገቡ። ሹፌሩ ትንሽ አስልቶ «የዋዜማው ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መኪናዋ ትቆማለች። እማማንና ጎረቤቱን እንጦጦ ማርያም አደርሳለሁ፣ እኔም እዚያው አድራለሁ» አለ። በዓመቱ ውስጥ ጥሩ ገቢ ከሚያገኝባቸው ሌሊቶች አንዱን ነው የተወው።

የበዓሉ ዕለት እማማ ዶሮዋን እንደ ወጉ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው ሠርተዋል። ሹፌሩ ሌሊቱን ቆሞ አስቀድሶ ዓይኑ ቀልቷል። ሸማኔው ራሱ የሸመናትን፣ ቋጪዋ የቋጨቻትን ነጠላ ለእማማ አልብሷቸዋል። ስልኩን ከመሶቡ አጠገብ አቆሙትና ልጅቷ ከቤይሩት ገበታውን አየችው፣ ሰዎቹንም ቆጠረቻቸው። እማማ ሲጎርሱ በዓይኗ አየች። የላሊበላው ነገር ያን ዓመት አልሆነም። ጉዞው ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋልና አራቱ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ለማስቀመጥ ተስማሙ።

እኔ ከዚህ ወግ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። በዓል ሲደርስ «እንኳን አደረሰህ» ማለት እናውቅበታለን። ዛሬማ በስልክ በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው እንልከዋለን። መልካም ምኞት ነው፤ አይቅር። ግን የሰው ምኞት ከሰው ሰው ይለያል፤ ያንዱ ቅዳሴ ነው፣ ያንዱ ጉርሻ ነው፣ ያንዷ እናቷ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። ካልጠየቁት ደግሞ አይታወቅም። እዚያ ግቢ ከተነሱት ምኞቶች ሦስቱ የተፈጸሙት አንዲት ሴት «የራስህን ንገረኝ» ስላለች ነው።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ዘንድሮ መልእክቱን ከላካችሁላቸው ሰዎች መካከል አንዱን ምረጡና ደውሉለት። አጠገባችሁ የሚሠራውን፣ ከክፍለ ሀገር የመጣውን ተከራይ፣ ልጇ ዐረብ አገር ያለችባትን እናት። «በዓሉን የት ትውላለህ? ከማን ጋር ትበላለህ?» በሉት። መልሱ «ብቻዬን» ከሆነ ቤታችሁ ጥሩት።

እንኳን አብሮ አደረሰን።