ሚያዝያ 27 በኮምፒውተር ሰዓት

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ተመለሱ። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው ነገር ይህ ቀን ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚያሰሉበት መዝገብ ውስጥም መግባቱን ነው። የገባው ደግሞ እንደ ሐዘን ወይም እንደ ድል ቀን አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀየረበት ቀን ተብሎ ነው።

የሰዓት ኮድ ማንበብ እንጀራዬ ነው። አዳማ ኢንጂነሪንግ ተምሬ እዚሁ ቀረሁ። ከሥራዬ ግማሹ ሌሎች ሰዎች በሊነክስ ከርነል ላይ፣ በተለይ በሃርድዌር ሰዓት ድራይቨር ላይ ያደረጉትን ለውጥ መስመር በመስመር ማየት ነው። ድራይቨር ስል የሞጆን መንገድ በቃሉ የሚያውቀውን ሾፌር ማለቴ አይደለም። በከርነሉና በዕቃው መሃል ቆሞ የሚያስተረጉም ኮድ ነው።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው፦ ጥፍር የምታህል ቺፕ፣ አንድ ክሪስታል፣ ሳንቲም የመሰለች 3 ቮልት ባትሪ። ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ያ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል 1 ይመጣል፤ አንድ ሰከንድ ማለት ይኼው ነው። መብራት ሲጠፋ ዋናው ማሽን ይጠፋል፣ ቺፗ ግን በባትሪዋ መቁጠሯን ትቀጥላለች። ጠላቷ ሙቀት ነው። የተለመደው ክሪስታል የሚስተካከለው ለ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ፣ እንደ መተሐራ ባለ ቆላ የሣጥኑ ውስጥ 40 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ሰዓቷ በወር 20 ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል።

ለውጥ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ኮዱ ቺፗን የሚያነባት ቁጥሮቿ እየተቀየሩ ባሉበት ቅጽበት ቢሆንስ? ሰከንዱ ዜሮ ሆኖ ደቂቃው ገና አሮጌ ከሆነ፣ የምናነበው ሰዓት መቼም ያልነበረ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ቺፖች የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ብቻ ነው የሚይዙት፤ ታዲያ ክፍለ ዘመኑን ማን ይጨምራል? በአሮጌው የፒሲ ሰዓት ላይ ሊነክስ የሚከተለው ሕግ አለ፦ ከ70 በታች የሆነ ሁሉ 2000ዎቹ ነው፣ ከ70 ጀምሮ ያለው 1900ዎቹ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዲኤስ 1307 የሚባለውን ርካሽ ቺፕ ውሰዱ። ከሰከንዱ ቁጥር ጋር አንዲት ቢት አለችው፤ ቢቷ 1 ከሆነች ሰዓቱ ቆሟል ማለት ነው። ጥሩ ድራይቨር ይህችን ቢት ሲያይ ሰዓት አይናገርም፣ ስህተት ይመልሳል። ቢቷን ዝም ብሎ አጥፍቶ ቁጥሩን የሚያስተላልፍ ኮድ ከመጣልኝ አላሳልፈውም። ማስረጃ ያጠፋ ሰው ማለት ነው። ስልካችሁ ተዘግቶ ሲከፈት 1970 ብሎ የሚያውቅ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የኮምፒውተሮች ዜሮ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የማያውቅ ማሽን እዚያ ሄዶ ይቀመጣል።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ወደ ሚያዝያ 27 እንመለስ። ሊነክስ ቺፗ ውስጥ የሚያስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዩቲሲን ነው። “ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት ጨምር” የሚለው መመሪያ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ በፈቃደኞች ከሚጠናቀረውና ስልኮች፣ ሰርቨሮች፣ ባንኮች ሁሉ ከሚጠቀሙበት የታይም ዞን መዝገብ። መዝገቡ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል።

ስለ እኛ የሚለው እንዲህ ነው። ከ1870 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ስድስት ተቀራራቢ የሰዓት ክልሎች ነበሯት፤ ከዚያ ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በሚቀድም አንድ ሰዓት ተጠቃለሉ፤ ሜይ 5 ቀን 1936፣ ማለትም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ወደ 3 ሰዓት ተቀየረ። ምንጩ ኮከብ ቆጣሪዎች የልደት ሰዓት እንዲያሰሉበት የተዘጋጀ አንድ የአሜሪካ አትላስ ነው።

ይህ ለውጥ ለግምገማ ቢቀርብልኝ ምን እላለሁ? አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ በ1870 እ.ኤ.አ. አልነበረችም። የአገሪቱን ከተሞች የሚያገናኝ ቴሌግራፍም ባቡርም ገና በሌለበት ዘመን ስድስት የሰዓት ክልል ማን ደነገገ? ማንስ ጠበቀው? የጦር ሠራዊት ከተማ በገባበት ዕለትስ የሰዓት አዋጅ የት ወጣ? የመዝገቡ አስተባባሪ ፖል ኤገርትም በ2014 እ.ኤ.አ. በጻፈው ማስታወሻ መረጃው የተሳሳተ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጿል። እዚያው ላይ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ መሆኑን አስታውሶ፣ በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ልብ እንዲል ይመክራል።

ችግሩ ማስታወሻውን ሰው እንጂ ማሽን አያነበውም። ማሽኑ ቁጥሩን ብቻ ይወስዳል፤ “ይህ ሰዓት አይታመንም” የምትለዋ ቢት እዚህ የለችም።

ይባስ ብሎ፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ አበባና ናይሮቢ አንድ ዓይነት ሰዓት ስላላቸው መዝገቡ ሁለቱን አዋህዷቸዋል። የእኛ የቆየ ታሪክ በጎን ወዳለ ፋይል ተገፍቷል። ስለዚህ ብዙ ኮምፒውተሮችን “ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከግሪኒች በስንት ትቀድም ነበር?” ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ያ በወቅቱ የእንግሊዝ ቅኝ የነበረችው የኬንያ ሰዓት ነው። የጎን ፋይሉን ጨምሮ የተጠናቀረ ኮምፒውተር ደግሞ 3 ሰዓት ይላል። ንጉሡ በተመለሱበት ዕለት ሁለት ማሽኖች በ15 ደቂቃ ይለያያሉ፣ ሁለቱም ሳይጠራጠሩ።

“15 ደቂቃ ምን ያደርጋል?” ትሉ ይሆናል። ለፀሐይ ብዙም አያደርግም። ፀሐይ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ አዳማ 3 ሰዓት ከሚቆጠርበት ከ45ኛው ዲግሪ ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ፣ በአማካይ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ደቂቃ ትዘገያለች። ለባቡር ግን ያደርጋል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በአዋሽ፣ በመተሐራ፣ በአዳማና በሞጆ አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡር የሚሄደው በሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳ ደግሞ የጋራ ሰዓት ይፈልጋል። እውነተኛው ማስረጃ የሚገኘው እንዲህ ባሉ ወረቀቶች ላይ ነው፦ የባቡር ሰሌዳ፣ የቴሌግራም ማኅተም፣ በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ማስታወቂያዎች። መዝገቡ እርማት ይቀበላል፤ የሚጠይቀው ምንጭ ብቻ ነው። ወመዘክር ገብቶ አሮጌ ጋዜጣ የሚያገላብጥ የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ከእኔ ይበልጣል።

ለሚመጣው ስህተት ግን ሰበብ የለንም። በ32 ቢት የሚቆጥሩ አሮጌ ማሽኖች ቁጥር የሚያልቅባቸው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ገና ከውኃው ዳር አልተነሱም። ያን ጠዋት ያልታረሙት ማሽኖች በአንድ ሰከንድ ወደ 1901 እ.ኤ.አ. ይዘላሉ። የኮድ ለውጡ ዛሬም እየቀረበ ነው፤ አንብቦ “ይህ ሰዓት ከየት መጣ?” የሚል ሰው ይፈልጋል።