ብርዱን የሚይዘው ግድግዳ፦ ቃሊቲና ፈሳሽ ናይትሮጅን

አቃቂ ቃሊቲ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ጉምሩኩና ወደ ከባድ መኪናው ሰልፍ ይሄዳል። ከየትኛውም የሥጋ ማቀዝቀዣ የባሰ ብርድ የሚቀመጥበት ግቢም እዚያው ቃሊቲ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። ብሔራዊው የከብት ሰው ሰራሽ ማዳቀል ማዕከል በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም ሁለት ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያመርት ነበር የታሰበው፤ አንደኛው የተመረጡ ኮርማዎች አባለዘር፣ ሁለተኛው ያንን አባለዘር አቀዝቅዞ የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን። ስሙና ተጠሪነቱ ኋላ ላይ ቢለዋወጥም የሥራው ፀባይ ያው ነው።

ናይትሮጅን በባሕር ጠለል ከፍታ የሚፈላው በ-196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃ በአዲስ አበባ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሁሉ ናይትሮጅኑም ወደ -198 ይወርዳል። ደጁ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን በዕቃው ውስጥና ውጭ መካከል ከ210 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚችለው አንድም ሞተር የሌለበት ግድግዳ ነው።

ብርድን በግድግዳ የማቆየት ጥበብ ከማቀዝቀዣ ማሽን ይቀድማል። የቦስተኑ ነጋዴ ፍሬደሪክ ቱዶር እ.ኤ.አ. በ1833 የማሳቹሴትስን በረዶ በመርከብ ጭኖ፣ ከአራት ወር ገደማ ጉዞ በኋላ ካልካታ አራግፏል። የበረዶ ንግዱን በእግሩ ካቆሙት ነገሮች አንዱ ተራ ሰጋቱራ ነበር። ከሰጋቱራ በኋላ ቡሽ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ጀርመናዊው ኦቶ ባየር የፖሊዩሪቴንን ቅመም አገኘና በኋላ የማቀዝቀዣ ክፍሎችን ግድግዳ ለሞላው ፎም መንገድ ከፈተ። ሰጋቱራውም፣ ቡሹም፣ ፎሙም የሚሠሩት በአንድ መላ ነው፤ ሙቀቱን የሚገታው በውስጣቸው ታስሮ የቆመው አየር ወይም ጋዝ ነው። በሣር የተከደነ ጎጆ ቀን የሚቀዘቅዘው፣ ሌሊት የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለናይትሮጅን ግን ይህ አይበቃም፤ የቆመ አየርም ቢሆን ትንሽ ሙቀት ያሳልፋልና። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. በ1892 መላውን ገለበጠው፦ አየሩን ማሰር ትቶ ጨርሶ አወጣው። አንዱን ብርጭቆ በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከላቸው ያለውን አየር መጠጠ፤ በጨረር የሚገባውን ሙቀት እንዲመልስም ፊቱን በብር ለበጠው። በኢትዮጵያ ቤት ሁሉ ሻይና ቡና የሚያቆየው ፔርሙዝ የዚህ ዕቃ ልጅ ነው። የቃሊቲው የናይትሮጅን ኮንቴይነርም የዚያው ዘር ነው፤ ብርጭቆው በአሉሚኒየም ተተክቶ፣ አየር አልባው ክፍተት በሚያንጸባርቅ ስስ ሉህ ደጋግሞ ተጠቅልሏል። አንገቱ የጠበበው ሙቀት የሚሾልክበት ዋናው በር እሱ ስለሆነ ነው።

ማዳቀሉ ራሱ ከናይትሮጅኑ የቆየ ታሪክ አለው። ሰው ሰራሽ ማዳቀል እ.ኤ.አ. በ1938 በጣሊያን አገዛዝ ሥር በነበረችው አስመራ ተሞከረ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። እ.ኤ.አ. በ1952 እንደገና ተጀመረና አባለዘሩንም ናይትሮጅኑንም ከውጭ የማስመጣቱ ወጪ ስለከበደ ቆመ። በሁለቱ ሙከራዎች መካከል እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ፖልጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ግሊሰሪን የተጨመረበት የወንድ ዘር ከበረዶ በሕይወት እንደሚወጣ ደርሰውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ አገልግሎቱ ለብቻው ጀመረ። ከአስመራ እስከ አርሲ ያለው ልምድ ያስተማረው ግልጽ ነው፦ ብርዱን ከውጭ የሚገዛ አገር ሥራውን ማዝለቅ አይችልም። የቃሊቲው ማዕከል የዚህ ትምህርት ውጤት ነው። ኮርማዎቹ ሆልስታይን ፍሪዥያንና ጀርሲ ብቻ አልነበሩም፤ ቦረን፣ ባርካ፣ ፎገራና ሆሮም ነበሩባቸው።

የግድግዳው ጥንካሬ የሚፈተነው ከቃሊቲ ከወጣ በኋላ ነው። አዳቃይ ቴክኒሺያኑ ሩብ ሚሊ ሊትር የያዙትን ቀጫጭን ቱቦዎች በትንሽ ኮንቴይነር ይዞ፣ በሞተር ብስክሌት ወይም በእግር ገበሬው ዘንድ ይሄዳል። ናይትሮጅኑ ግን በጥሩ ኮንቴይነርም ቢሆን ቀስ እያለ ይተናል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይፈጥናል፤ ኮንቴይነሩ ወድቆ ክፍተቱ አየር ከገባበት በአጭር ጊዜ ያልቃል። አባለዘሩ አንዴ ከሟሟ መልሶ ማቀዝቀዝ አያድነውም። ላሚቱ ኮርማ የምትፈልገው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው፤ ያ ካለፈ ቀጣዩ ዙር 21 ቀን ገደማ ያስጠብቃል። ስለዚህ የናይትሮጅን እጥረት የገበሬውን ወተት በሳምንታት ያዘገያል። የአገሪቱ ከብት ከ95 በመቶ በላዩ ዛሬም አገር በቀል ዝርያ ለመሆኑ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ የናይትሮጅን አቅርቦት መቆራረጥ በአገልግሎቱ ላይ በተሠሩ ጥናቶች ተደጋግሞ የሚነሳ ችግር ነው። በኋላ በክልሎች የናይትሮጅን ማምረቻ የተተከለው ይህን መንገድ ለማሳጠር ነው።

የማዕከሉ ታሪክ በአካባቢው ሥጋ፣ ዓሣ ወይም አትክልት የሚያከማች ማቀዝቀዣ መጋዘን ለሚያስገነባ ሰውም ጠቃሚ ነው። መጋዘኑ አየር አልባ ግድግዳ አያስፈልገውም፤ በሁለት ቆርቆሮ መካከል ፖሊዩሪቴን የተሞላ ፓነል ይበቃዋል። የፓነሉ ጠላት እርጥበት ነው። ውኃ ሙቀትን ከደረቅ ፎም በ25 እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል፤ ተን ደግሞ ሁልጊዜ ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ፊት ስለሚሄድ መከላከያው መደረግ ያለበት በውጭው በኩል ነው፤ መጋጠሚያዎቹም በደንብ መደፈን አለባቸው።

ከግድግዳው ይልቅ የሚዘነጋው ወለሉ ነው። የአቃቂ አፈር አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዜሮ በታች የሚሠራ ክፍል ያለ በቂ ማገጃ ከተሠራበት፣ ብርዱ ዓመታት ወስዶ ወደ መሬት ይወርድና እርጥቡን አፈር ያረጋዋል፤ የረጋው አፈር ደግሞ ኮንክሪቱን ወደ ላይ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው መረሬውን ቆርጦ በተመረጠ አፈር መተካት፣ ሸክም የሚችል ጠንካራ ፎም ከኮንክሪቱ ሥር ማንጠፍና ከፎሙ በታች አየር የሚዘዋወርበት ቱቦ ወይም መጠነኛ ማሞቂያ መዘርጋት ነው። ፓነል ቢበላሽ ይቀየራል፤ ወለል ግን መጋዘኑ ባዶ ሳይሆን አይጠገንም። ስለዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ማቀዝቀዣ መጋዘን ሊሠራ ያሰበ ሰው የማሽን ዋጋ ከማወዳደሩ በፊት የአፈር ምርመራውን ውጤት እጁ ያስገባ።