እግርን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ከቅልጥም ይመነጫል

ዕርፍ ጨብጦ በሬዎቹን ተከትሎ የሚሄድ አርሶ አደር አንድ እግሩን በታረሰው፣ ሌላውን ባልታረሰው መሬት ላይ ያሳርፋል። ጓል ሲረግጥ ውስጥ እግሩ ወደ ጎን ያዘነብላል፤ መሬቱ ሲያዳልጠው ጣቶቹ አፈሩን ይቆነጥጣሉ። ይህን ሁሉ ሳያስበው የሚያከናውኑለት ዋና ዋና ጡንቻዎች ግን የሚገኙት በእግሩ ላይ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው። ይህን ማወቅ ለአርሶ አደሩም ሆነ ለከተማ ነዋሪው ይጠቅማል፤ እግር አልታዘዝ ሲል የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ፣ በቅልጥም ወይም በጉልበት አካባቢ ይገኛልና።

በዚህ ጽሑፍ «እግር» የሚለው ቃል ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን መርገጫ፣ «ቅልጥም» የሚለው ደግሞ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ክፍል ያመለክታል።

አጥንቶቹና መጋጠሚያዎቹ

በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። የሁለቱ እግሮች ሲደመሩ 52 ይሆናሉ፤ ይህም በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከሚገኙት 206 አጥንቶች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ቅልጥም ሁለት አጥንቶች አሉት፤ ወፍራሙ በውስጥ በኩል፣ ቀጭኑ በውጭ በኩል ይገኛል። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩት ጉብታዎች የእነዚህ አጥንቶች የታችኛው ጫፍ ናቸው።

በሁለቱ ጉብታዎች መካከል የቁርጭምጭሚት አጥንት ይገባል። ይህ መጋጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ከሥሩ ደግሞ የቁርጭምጭሚት አጥንት ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚገናኝበት ሌላ መጋጠሚያ አለ፤ ውስጥ እግር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያዘነብለው በዋናነት በዚህ ነው። አስገራሚው ነገር በቁርጭምጭሚት አጥንት ላይ በቀጥታ የተያያዘ አንድም ጡንቻ አለመኖሩ ነው። ጡንቻዎቹ አልፈውት ሄደው ከፊቱና ከሥሩ ያሉትን አጥንቶች ይስባሉ፤ እርሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም

ጡንቻ ሥራውን የሚሠራው በመኮማተር ነው። መሳብ ይችላል፤ መግፋት ግን አይችልም። ስለዚህ እግርን ወደ ላይ የሚስብ ጡንቻ ካለ ወደ ታች የሚስብ ሌላ ጡንቻ መኖር አለበት። የጡንቻው ሥጋ በቅልጥም ላይ ይቀርና ጫፉ እንደ ጠፍር የጠነከረ ጅማት ሆኖ ቁርጭምጭሚትን አቋርጦ ወደ እግር ይወርዳል። ከቅልጥም ተነሥተው እግርን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች 12 ያህል ሲሆኑ በሦስት ወገን ተከፍለው ይገኛሉ።

የፊት ጡንቻዎች፦ ከቅልጥም ፊት፣ ከአጥንቱ በስተውጭ በኩል ይገኛሉ። እግርን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ጣቶችንም ይዘረጋሉ። አንድ ሰው በተረከዙ ብቻ ሲቆም ጠንክረው የሚዳሰሱት እነዚህ ናቸው።

የኋላ ጡንቻዎች፦ ባት የሚባለው ክፍል በዋናነት ሁለት ትልልቅ ጡንቻዎችን ይዟል። ላይኛው ከጭን አጥንት ተነሥቶ ጉልበትን ያቋርጣል፤ ከሥሩ ያለው ግን ከቅልጥም አጥንቶች ይነሣል። ሁለቱ ተጣምረው የተረከዝ ጅማትን ይሠራሉ፤ ይህም በሰው አካል ውስጥ ካሉ ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ተረከዝን ከመሬት ያነሣሉ፤ አካልን ወደ ፊት ይገፋሉ። ከባት ሥር ተደብቀው የሚገኙ ሌሎች ጥልቅ ጡንቻዎች ደግሞ ከውስጠኛው ጉብታ ኋላ ዞረው ወደ ውስጥ እግር ይገባሉ፤ ጣቶችን ያጥፋሉ፣ እግርን ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ የውስጥ እግርን ጎድጓዳ ቅርጽም ይደግፋሉ።

የውጭ ጎን ጡንቻዎች፦ ሁለት ሲሆኑ ጅማቶቻቸው ከውጨኛው ጉብታ ኋላ ያልፋሉ። እግርን ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ ሰው ሸካራ መሬት ሲረግጥ እግሩ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚከላከሉትም እነርሱ ናቸው።

በእግሩ በራሱ ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ ጡንቻዎች ጣቶችን ያስተካክላሉ፤ ክብደት በሚያርፍበት ጊዜም የውስጥ እግርን ቅርጽ ያጸናሉ።

በአንድ እርምጃ ውስጥ

ተረከዝ መሬት ሲነካ የፊት ጡንቻዎች እግሩን እንደ ልጓም ይዘው ቀስ ብለው ያወርዱታል። እነርሱ ባይኖሩ እግር በጥፊ ድምፅ መሬት ይመታ ነበር። ክብደት በሙሉ እግር ላይ ሲያርፍ የባት ጡንቻዎች አካል በድንገት ወደ ፊት እንዳይወድቅ ይቆጣጠራሉ፤ የጎን ጡንቻዎችም ሚዛን ይጠብቃሉ። ከዚያ ባት በኃይል ተኮማትሮ ተረከዝን ያነሣል። እግር ከመሬት ሲለቅ የፊት ጡንቻዎች ተመልሰው ጣቶችን ወደ ላይ ይስባሉ፤ ጣት ከድንጋይ ጋር የማይጋጨውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ሲስተጓጎል

የፊትና የጎን ጡንቻዎችን የሚያዝዘው ነርቭ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ በቀጭኑ አጥንት አንገት ዙሪያ ይጠመጠማል። በዚያ ቦታ ከቆዳ ሥር ብቻ ስለሚገኝ በቀላሉ ይጎዳል። ለአረም ወይም ለአጨዳ ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ብሎ መሥራት ይህን ነርቭ ሊጫነው ይችላል። የተጎዳ ሰው እግሩን ወደ ላይ ማንሣት ይሳነዋል፤ ጣቱ ስለሚጎተትም ሲራመድ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ያነሣል። እግሩ ላይ ቁስል ስለሌለ ድካም ብቻ ይመስለዋል። የሥጋ ደዌም ይህን ነርቭ ሊያጠቃ ይችላል፤ ሕክምናው በነጻ የሚሰጥ ሲሆን በጊዜ ከተጀመረ ጉዳቱን ይገታል። በሥራ መካከል አልፎ አልፎ ቀና ማለትና እግርን ማንቀሳቀስ በቁጢጥታ የሚመጣውን ጫና ይቀንሳል።

የተረከዝ ጅማት በማጭድ ወይም በመጥረቢያ ሊቆረጥ፣ በሩጫ ወይም በዝላይ ጊዜም በድንገት ሊበጠስ ይችላል። ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ከኋላ የተመታ ያህል ይሰማዋል፤ በጣቶቹ መቆም ግን ያቅተዋል። በሆዱ ተኝቶ እግሩ ከአልጋ ጫፍ ወጥቶ ሳለ ባቱ ሲጨመቅ ጤነኛ እግር ወደ ታች ይዘረጋል። እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

የተለመደው ወለምታ የሚደርሰው ደግሞ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጎዱት በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ናቸው። እግርን ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ ይረዳል። አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ወይም ጉብታዎቹ ሲነኩ አጥንቱ የሚያመው ሰው ስብራት ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር አለበት።

ከሁሉ የሚያሰጋው የተጎዳን ቅልጥም በቀርከሃና በገመድ አጥብቆ ማሰር ነው። የቅልጥም ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ የታቀፉ ስለሆኑ እብጠት ሲኖር የሚሰፉበት ቦታ የላቸውም። ማሰሪያው ሲጨመርበት ደም መዝለቅ ያቅተዋል፤ ደም ያጣ ጡንቻም በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ መልሶ ሊያገግም ወደማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። መጨረሻው እግርን እስከ መቁረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ማሰሪያው ወዲያውኑ መፈታት፣ ታማሚውም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ቀላል ፍተሻ

ማንኛውም ጤነኛ ሰው ግድግዳ ተደግፎ የእግሩን ጡንቻዎች መፈተሽ ይችላል። በተረከዝ መቆም የፊቶቹን፣ በአንድ እግር ጣቶች መቆም የባትን፣ ተቀምጦ ውስጥ እግርን ወደ ውጭ ማዘንበል የጎኖቹን ብርታት ያሳያል። የአንዱ እግር ከሌላው ጎልቶ ከደከመ እግሩን ከማሸት በፊት ጡንቻው፣ ጅማቱና ነርቩ እስከ ጉልበት ድረስ በባለሙያ መታየት ይኖርባቸዋል።