የጥራጥሬ ወጥና የጽዳቃ ማዕድ በናታንያ

ናታንያ ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የእስራኤል ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከናታን ስትራውስ ነው። ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1848 በጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፣ ኋላም ከወንድሙ ጋር የኒው ዮርኩ ሜሲስ መደብር ባለቤት ለመሆን የበቃ ነጋዴ ነበር። በ1893 በተቀሰቀሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ለኒው ዮርክ ችግረኞች በአምስት ሳንቲም ምግብ ወይም የድንጋይ ከሰል የሚያስገኝ ትኬት አደለ፤ በ1912 ደግሞ በኢየሩሳሌም ድሆች የሚመገቡበት ወጥ ቤት አቋቋመ። ናታንያ በ1929 ስትቆረቆር መሥራቾቿ የዚህን ሰው ስም ሰጧት። ስለዚህ በከተማዋ ውስጥ ለተቸገረ ሰው ድስት መጣድ ከስሟ ጋር አብሮ የተወለደ ጉዳይ ነው።

የልማዱ ሥር ግን ከከተማዋ እጅግ ይርቃል። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሰባሰበው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ ሚሽና፣ ጽዳቃን፣ ማለትም ለድሆች የሚደረገውን እርዳታ፣ በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ኩፓ ይባላል፤ በየሳምንቱ የሚሰበሰብና ለአካባቢው ድሆች የሚታደል የገንዘብ ሣጥን ነው። ሁለተኛው ታምሁይ ነው፤ በየቀኑ ምግብ እየተሰበሰበ ለተራበ ሁሉ የሚቀርብበት ማዕድ ነው። ሁለት ጊዜ የሚበላው ያለው ሰው ከታምሁይ፣ አሥራ አራት ጊዜ የሚበላው ያለው ደግሞ ከኩፓ እንዳይወስድ ሕጉ ይከለክላል። ዛሬም በእስራኤል ለድሆች ምግብ የሚሰጥበት ቤት የሚጠራው ቤት ታምሁይ ተብሎ ነው።

ለድሃ የሚሰጠው ምን እንደሆነም ተጽፎ ይገኛል። ሚሽናን ተከትሎ የተሰበሰበው ቶሴፍታ፣ መንገደኛ ድሃ ከዳቦው ሌላ ለአዳሩ ዘይትና ጥራጥሬ እንዲሰጠው ያዛል፤ ሰንበትን የሚውል ከሆነ ዓሣና ቅጠላ ቅጠል ይታከልለታል። ዳቦ፣ ዘይትና ጥራጥሬ የጽዳቃ ማዕድ መሠረት ሆነው የቆዩት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ትእዛዝም አለ፤ ከጽዳቃ የሚኖር ድሃ እንኳ ካገኘው ላይ ጽዳቃ መስጠት አለበት። ይህ ትእዛዝ በተግባር ሊፈጸም የሚችለው ማዕዱ ርካሽ ሲሆን ነው። ድሃ በሬ አርዶ ሊያበላ አይችልም፤ አንድ ጣሳ ምስር ግን ሊያዋጣ ይችላል።

በካሽሩት፣ ማለትም በአይሁድ የአመጋገብ ሕግ፣ ሥጋና ወተት በአንድ ላይ አይበሉም፤ ዕቃቸውም ይለያል። ሥጋው በሕጉ መሠረት የታረደ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው ፓርቬ ይባላል፤ ጥራጥሬ፣ እህልና አትክልት ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። ብዙ ሰው በሚያበላ ወጥ ቤት የፓርቬ ድስት ጥቅም ግልጽ ነው፤ ከሥጋም ከወተትም ጋር ሊቀርብ ይችላል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። የሚጠይቀው ጥንቃቄ በአብዛኛው ለቀማ ነው። ምስሩና ሩዙ በሰፌድ ተዘርግቶ ነፍሳትና ጠጠር እንዳይኖርበት አንድ በአንድ ይታያል፤ ዱቄቱ ይነፋል፤ ቅጠሉ ደጋግሞ ይታጠባል።

እስራኤል በ1948 ስትመሠረት ይህ ምግብ የጥቂት ድሆች ብቻ ሳይሆን የመላው ሕዝብ ሆነ። በ1949 መንግሥት የምግብ ራሽን አወጀ፤ ጼና የተባለው ይህ የቁጠባ ዘመን እስከ 1959 ድረስ ዘለቀ። ሥጋና እንቁላል በካርድ ተመጥነው ሲሸጡ፣ የቤት እመቤቶች ደበርጃንን ጠብሰው በሽንኩርት እያሹ የጉበት ጣዕም እንዲኖረው ማድረግ ተማሩ። ሩዝ ሲጠፋም ከስንዴ ተሠርቶ በምድጃ የሚጠበስ ፒቲቲም የተባለ ፍርፍር ተተካ።

በዚያው ጊዜ ከናታንያ በስተምሥራቅ ባለው ቤት ሊድ የስደተኞች መቀበያ ሰፈር ነበር። በእንደዚህ ያሉ ሰፈሮች ምግብ ከአንድ ማዕከላዊ ወጥ ቤት ይታደል ነበር፤ ሰዎች ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ እንጂ የራሳቸውን ድስት አይጥዱም። ከ1950 ጀምሮ ማዕባሮት የተባሉ ጊዜያዊ ሰፈሮች ሲተኩ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሠርቶ የራሱን እንዲያበስል ተደረገ። ኑሮው በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ሆኖ ቢከብድም ጭልፋው ወደ እናቶች እጅ ተመለሰ። ይህ ለውጥ ከአርባ ዓመት በኋላ ከኢትዮጵያ ለመጡት የደረሰውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻቸው ሲኖሩ በምግብ ጉዳይ ጥብቅ ነበሩ። ሌላው ያረደውን አይበሉም፤ ከሌላው ጋር ከተነካኩ በኋላ በውኃ መንጻት ልማዳቸው ነበር። ጾማቸውም ከክርስቲያኑ ይለያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ዘንድ የጾም ምግብ ማለት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ነው፤ ቤተ እስራኤል ግን በጾማቸው ቀን እስከ ማታ እህልም ውኃም አይቀምሱም። ቢሆንም የዕለት ምግባቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ቆሎ ነበር። ለሰንበት እናቶች ዳቦ ጋግረው መስጊድ ብለው ወደሚጠሩት ጸሎት ቤታቸው ይወስዳሉ፤ ቄሱ ባርኮ ሲቆርሰው ያመጣውም ያላመጣውም አብሮ ይካፈላል። ሰጪና ተቀባይ የማይለዩበት ማዕድ ይህ ነበር።

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከሱዳን ወደ እስራኤል ገቡ። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በመርከዝ ክሊታ፣ ማለትም በመቀበያ ማዕከላት፣ እንዲሁም ለዚሁ በተዘጋጁ ሆቴሎች ነበር። በሆቴሎቹ የተዘጋጀ ምግብ በአዳራሽ ይቀርብላቸው ነበር፤ ርኅራኄ ያለበት አቀባበል ቢሆንም እናቶች ቤተሰባቸውን በገዛ እጃቸው የማብላትን ሥራ አሳጥቷቸዋል። ወደ ቋሚ ቤት ሲዛወሩ የመጀመሪያው ለውጥ ምጣዱና ድስቱ ነበር። ናታንያ በጊዜ ሂደት በእስራኤል ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ኢትዮጵያውያን አይሁድ ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች።

ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣው የመደጋገፍ ልማድ ነው። ሐዘን ሲደርስ ሰው በገፍ ይሰበሰባል፤ ለለቅሶተኛው ቤት ምግብ የሚያቀርበው ጎረቤትና ዘመድ ነው። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ በሚውለው ስግድ፣ ጾሙ ሲፈታ ሕዝቡ አብሮ ይመገባል። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ፓርላማ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታውጇል። በእነዚህ ስብሰባዎች ቤቱ ባይሞላም ለእንግዳ ምግብ የማይጎድልበት ምክንያት የጥራጥሬ ወጥ ነው፤ ሰው ሲበዛ ድስቱ ላይ ውኃና ሽሮ ይጨመራል እንጂ ማንም ከማዕዱ አይመለስም።

የወጡ አሠራር ቁጠባ በመጀመሪያው እርምጃ ይታያል። ደቃቅ የተከተፈ ሽንኩርት ያለ ዘይት በጋለ ድስት ውስጥ ይቁላላል፤ የራሱ ውኃ እየወጣለት ይበስላል፤ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያለ ውኃ ይጨመርበታል። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ቀልቶ ከለሰለሰ በኋላ በመሆኑ ጥቂቱ ይበቃል። ከዚያ በርበሬ ይጨመርና ጥሬነቱ እስኪለቅ ይበስላል፤ አልጫ ከሆነ እርድ ይተካዋል። ነጭ ሽንኩርት ገብቶ ውኃው ሲፈላ ሽሮው እየተነሰነሰ ይማሰላል። ለ50 ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ሽሮ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሊትር ውኃ ይጠጣል፤ እሳቱ ቀንሶ ቀስ እያለ ሲንተከተክ ይወፍራል። የምስር ወጥ ከሆነ ለዚያው ሰው ቁጥር ሦስት ኪሎ ምስር በቂ ነው። ከጎኑ ጥቅል ጎመን ከድንችና ከካሮት ጋር ይቀርባል፤ ሦስቱም በገበያ ከርካሾቹ አትክልቶች ናቸው።

ምግቡ ርካሽ ቢሆንም ሰውነትን ይጠግናል። ጥራጥሬ በላይሲን፣ እህል ደግሞ በሜታዮኒን ይበልጣል፤ ሁለቱ የፕሮቲን ክፍሎች ወጥና እንጀራ አብረው ሲበሉ ይሟላሉ። ውድ የሚሆነው ጤፉ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል በእስራኤል ያሉ ቤተሰቦችም ችግሩ ደርሷቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚበላበት ማዕድ በስንዴ ዱቄት በተቀላቀለ እንጀራ፣ በዳቦ ወይም በሩዝ ይሟላል፤ ወጡ ግን ያው ነው።

ዛሬ በእስራኤል ለጽዳቃ ወጥ ቤቶች የሚደርሰው አትክልት ከፊሉ ከማሳ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሌኬት እስራኤል የተባለ ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን አሰማርቶ በማሳ የተረፈውን አትክልትና ፍራፍሬ ያስለቅማል፤ ከአዳራሽና ከሆቴል የተረፈ ምግብም ይሰበስባል። ሌኬት ማለት ቃርሚያ ነው፤ ስሙ የተወሰደው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ገበሬው ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ከሚያዘው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ ምግብ በቅን ልቦና የሚለግስ ሰው በኋላ በሚደርስ ጉዳት እንዳይከሰስ ከለላ ይሰጣል።

የማሳው ቃርሚያና የሕጉ ከለላ እህሉን ወደ ወጥ ቤቱ ያደርሳሉ። ከዚያ የሚቀረው ሥራ በሚሽና ዘመን እንደነበረው ነው፤ ምስር መልቀም፣ ሽንኩርት ማቁላላት፣ ድስቱን ማማሰል። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ትናንት ሳህን ይዛ የተሰለፈች እናት ዛሬ ጭልፋ ይዛ ለሌላው ልትጨልፍ ትችላለች፤ ድሃም ጽዳቃ እንዲሰጥ የሚያዘው ትእዛዝ የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው።