ስለ ሰው መልክ በውሃ ቀለም

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። በቅድስቱ ቆሞ የመቅደሱን ግድግዳ የሚመለከት ሰው፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን አድባራት ሁሉ፣ በአባቶች ሥርዓት የተሣለውን የሰው መልክ ያያል። በዚህ ሥርዓት ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ሁለት ዓይኖቹ ከልክ በላይ ሰፍተው ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይታይበታል። ይህን አለማወቅ ነው ያሉ አልጠፉም። ሠዓሊው ግን የፈለገው የሥጋን ልክ ሳይሆን የነፍስን ሁኔታ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ «ድልድይ» ተብለው የተሰበሰቡ ወጣቶች በሌላ መንገድ ወደዚሁ አሳብ ደረሱ፤ አሠራራቸውም ኤክስፕሬሽኒዝም ተባለ። ከእነርሱ ጋራ ጥቂት ጊዜ የቆየው ኤሚል ኖልደ በውሃ ቀለም የበረታ ነበር። ወረቀቱን አስቀድሞ ያረጥበዋል፤ ቀለሙም እንደ ወደደ ይፈስሳል፤ ከዚያ ከፈሰሰው መካከል ፊት ሲወጣለት በብዕር ያሰምርበታል። የውሃ ቀለም አንድ ጊዜ ከጠጣ በኋላ ለማረም አይመችምና እጁ የሳተው እንኳ ከመልኩ ጋራ ይቀራል። በ1937 የናዚ መንግሥት ከ1000 የሚበልጡ ሥራዎቹን ከየሙዚየሙ ወሰደ፤ በ1941 ደግሞ ከሙያው አገደው። እርሱ ራሱ የናዚ ደጋፊ ነበረ፤ ነገር ግን ይህ አላዳነውም።

ይህን አሠራር ወደ አገራችን ካመጡት ሰዎች ዋነኛው በ1924 ዓ.ም. በሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ቅዱሳት መጻሕፍትን በእጃቸው የሚጽፉና በሐረግ የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። ልጁም በፈረንጆች ከ1957 እስከ 1961 በኮሎኝ ከተማ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1963ም «ጎልጎታ» የተባለውን ሣለ። ሥዕሉ በዘይት ቀለም የተሠራ ቢሆንም አሳቡ ያው ነው፤ የመልኩ ዝርዝር ቀርቶ ቀዩ ቀለም ሕማሙን ይናገራል።

ሥራው የፈረንጅ ነው ተብሎ ተነቀፈ። ነቀፋው ግማሹ እውነት ነው፤ ትምህርቱ ከጀርመን ነበርና። ነገር ግን መልክን ለአሳብ መሠዋት በአባቱ ቤት የኖረ ነገር ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ የእንጦጦን ሥዕል ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ከፈረሱ፣ ከጦሩ፣ ከዓይኑ ማን እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ በ«ጎልጎታ» ፊት የቆመ ሰው ግን ከአርእስቱና ከደሙ በቀር የሚመራው ምልክት ጥቂት ነው።