ላፕቶፑን ዕድሜውን ጠይቁት

ባለፈው ፋሲካ ሉማሜ ቤተሰብ ጥየቃ ስሄድ የአክስቴ ልጅ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ ጠበቀችኝ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ነው። ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ እሷ ደግሞ ፕሮግራሚንግ መማር ትፈልጋለች። «ጋሼ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህ?» አለችኝ። የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ ከቦርሳዬ ስለማይጠፋ «የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» አልኳት። ሰካነው፣ አበራነው። ጥቁር ስክሪን ላይ «ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ መጣ።

እኔም ችኩል ብዬ «ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል» አልኩና በእሷ ስልክ እንደገና አወረድኩት። ብዙ ጊጋባይት ነው። ከኪሷ የገዛችው የወር ጥቅል እዚያው አለቀ። ላፕቶፑ ግን አሁንም እምቢ አለ። አዲሱን ፍላሽ የራሴ ላፕቶፕ ላይ ስሞክረው ወዲያው ተነሳ። ታዲያ ፍላሹም ደህና፣ አሮጌው ላፕቶፕም ደህና ከሆነ ለምን አልተግባቡም? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ወደ ኋላ እንሂድ።

ኮምፒውተር ሲበራ የዶሮና የእንቁላል ጥያቄ ይገጥመዋል። ስርዓተ ክወናው ያለው ዲስክ ላይ ነው፤ ከዲስክ ለማንበብ ግን መጀመሪያ የሚሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ይህን የፈታው ባዮስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ በማስቀመጥ ነው። ባዮስ ስለ ሊኑክስም ሆነ ስለ ዊንዶውስ አያውቅም። የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ወደ ሜሞሪ ያነባል፣ ሥራውን ለዚያ ኮድ ያስረክባል፣ በቃ። 512 ባይት ምን ያህል ነው? ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 170 ፊደል ብቻ ማለት ነው፤ ይህ አንቀጽ እንኳ አይገባበትም።

ዩኤስቢ የመጣው ባዮስ ከተወለደ 15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ባዮስ ሠሪዎች ያገኙት መላ ፍላሹን ሌላ ልብስ ማልበስ ነበር፦ እንደ ፍሎፒ ወይም እንደ ሃርድ ዲስክ አድርጎ ማቅረብ። በአሮጌ ላፕቶፖች ማስተካከያ ገጽ ላይ «ዩኤስቢ ኤፍዲዲ»፣ «ዩኤስቢ ዚፕ»፣ «ዩኤስቢ ኤችዲዲ» የሚሉ ምርጫዎችን የምታዩት ለዚህ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ፍላሹ የሚገኘው በሃርድ ዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ ነው፤ ወደ ላይ ካላወጣችሁት ተራ አይደርሰውም።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የተባለው ተተኪ በኩባንያዎች ኅብረት መመራት ጀመረ። እሱ የመጀመሪያውን 512 ባይት ተከትሎ አይነሳም፤ ዲስኩ ላይ የተወሰነ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ፈልጎ ያስነሳል። የእኔ ስህተት እዚህ ጋ ነበር። ፍላሹን ያዘጋጀሁት በጂፒቲ አከፋፈል፣ ለዩኢኤፍአይ ብቻ ነው። አሮጌው ባዮስ በለመደው ቦታ ፈለገ፣ የሚያስነሳው ኮድ አላገኘም፣ ያንኑ በሐቀኝነት ነገረን።

ፍላሹን በኤምቢአር አከፋፈል፣ ለባዮስ እንዲሆን አድርጌ ደግሜ ጻፍኩት። የሊኑክስ ማውጫ ብቅ አለ! ደስታችን ግን ደቂቃ አልቆየም፦ «ይህ ከርነል ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል» የሚል መልእክት ተከተለ። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ያነበብኩት ያኔ ነው፤ «ኮር ዱኦ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ የወጣው ኮር ዱኦ ባለ 32 ቢት ነው። በዚያው ዓመት አጋማሽ የመጣው «ኮር 2 ዱኦ» ግን ባለ 64 ቢት ነው። የአንዲት «2» ልዩነት።

ሊኑክስ ራሱ ከዘመን ጋር የሚለያይ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ባለ 386 ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ላይ ነበር። በ2012 መጨረሻ ግን ከርነሉ ለ386 የነበረውን ድጋፍ ጣለ፤ የተወለደበትን ማሽን ተሰናበተ ማለት ነው። ኡቡንቱ በ2017 ባለ 32 ቢት የዴስክቶፕ መጫኛ ማዘጋጀቱን አቆመ። ዴቢያን ግን እስከ 12ኛው እትሙ ቀጥሎ ነበር፤ በ2025 የወጣው 13ኛው እትም ነው ያቆመው። እኛም የዴቢያን 12ን ባለ 32 ቢት መጫኛ አወረድን። በዚህኛው ዙር ጥቅሉን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ላፕቶፑ ተነሳ። ቪዲዮ ላይ ይንቀረፈፋል፤ ለፓይተን ግን ምንም አላነሰውም። እንግዲህ እናንተም እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከገጠማችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ መቼ ተሠራ? ከዚያ ፕሮሰሰሩ 32 ነው 64? ባዮስ ነው ዩኢኤፍአይ? ከ2012 ወዲህ ከዊንዶውስ 8 ጋር ከመጡት ከሆነ ደግሞ «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው የፊርማ ቁጥጥር ይሆናል የሚከለክላችሁ። ፋይሉን ከጠረጠራችሁት እንደገና ከማውረድ በፊት ቼክሰሙን አመሳክሩ፤ ዳታ አይበላም። ይህን ሁሉ ለማወቅ ስቲከሩን ማንበብና ማስተካከያ ገጹን መክፈት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ የጻፈችው የመጀመሪያ ፕሮግራም አንድ መስመር ናት፦ «ሉማሜ» ስንት ባይት እንደሆነ የምትቆጥር። 9 አላት። «እውነትህን ነው ለካ» አለችኝ።