ቪታራ ከሥር ሲነበብ

ሰሞኑን ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት መልእክት ላኩልኝ። «ቲቸር፣ ቪታራ ልገዛ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» አንዷ ዕቁብ ደርሷት ነው። አንዱ ከወንድሙ ጋር አዋጥቶ ነው። ሦስተኛው ሥራው ገጠር ስለሚያስወጣው የዓመታት ቁጠባውን ይዞ ነው። ለየብቻ ከምጽፍላችሁ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ የነገው ገዢ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ቪታራ ነድቻለሁ፣ ከመካኒክ ጎረቤቴ ጋር ብዙ ቅዳሜ ከመኪና ሥር ተኝቼ አይቻለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ሙያ የለኝም። ግን ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ የነበረው ነገር እዚህም ይሠራል፦ ምንጩን መርምሩ። ሻጩ የሚነግራችሁ አፈ ታሪክ ነው። ደላላው የሚነግራችሁ ደግሞ ዜና መዋዕል ነው፤ በንጉሡ ቤት የተጻፈ፣ ሽንፈት የማይጠቀስበት። «ሞተሩ ወርዶ አያውቅም»፣ «ዶክተር ነው የያዘው»፣ «ገጠር ወጥቶ አያውቅም»። ዋናው ሰነድ መኪናው ራሱ ነው። ሰነድ ለማንበብ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ማወቅ ይጠይቃል።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። (የውጭዎቹን ዓመታት እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ።)

አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር መኪና ለረጅም ጊዜ የሰው ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። ጂፕ የጦር ሠራዊት ነው። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ለእንግሊዝ ገበሬ ታስቦ ነበር፤ በእኛ አገር ግን በልጅነቴ ከተማችን የምትመጣው ላንድ ሮቨር ወይ የወባ ማጥፊያ ነበረች ወይ የአውራጃው አስተዳደር። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ደግሞ ላንድክሩዘር ማለት የእርዳታ ድርጅት ማለት ሆነ። አስተማሪ ወይም ነርስ እንዲህ ያለ መኪና በራሱ ስም ሊብሬ አውጥቶ ይይዛል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ይህን የለወጠው ከጃፓን የመጣ፣ በታክስ ሕግ ምክንያት የተወለደ ትንሽ መኪና ነው። ጃፓኖች «ኬ» የሚሉት የትንንሽ መኪኖች መደብ አላቸው፤ ታክሱ ቀለል ይላል። በ1960ዎቹ ሕጉ «ሞተሩ ከ360 ሲሲ፣ ርዝመቱ ከ3 ሜትር አይብለጥ» ይል ነበር። ሆፕ ሞተር የሚባል ትንሽ ድርጅት በዚህ ልክ ባለ አራት ጎማ ድራይቭ መኪና ሠራ፤ ሞተሩን ከሚትሱቢሺ ወስዶ። ገበያ አላገኘለትም። ዲዛይኑን ሱዙኪ ገዛው። እዚያ ሐሳቡን የገፋው ኦሳሙ ሱዙኪ ነበር፤ በጋብቻ ወደ ሱዙኪ ቤተሰብ የገባና ስማቸውን የወሰደ ሰው። (የጋብቻ ፖለቲካ የጎንደር ብቻ አይደለም ልጆች።) ሰውዬው ያረፈው በ94 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው።

የመጀመሪያው ጂምኒ እ.ኤ.አ. በ1970 ወጣ። ሁለት ሲሊንደር፣ 359 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር። ትርፍ ጎማው ከኋላ ቢንጠለጠል ርዝመቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ከሾፌሩ ጀርባ ውስጥ አስገቡት፤ በዚህ ምክንያት መኪናዋ የምትጭነው ሦስት ሰው ብቻ ሆነ። ይህቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። አንድ የታክስ አንቀጽ አንድ ሰው ከመኪና አስወረደ።

ጂምኒ እያደገ ሄደ፤ አሜሪካ ሳሙራይ ተብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» መኪናው በድንገት ሲታጠፍ የመገልበጥ አደጋ አለው ብሎ ጻፈ። ሱዙኪ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ2004 ነው። በዚያው በ1988 ግን ሱዙኪ ሌላ መኪና አውጥቶ ነበር። ጃፓን ውስጥ ኤስኩዶ አሉት፤ አውሮፓና እኛ ዘንድ ቪታራ።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ቪታራ የሁለት ዓለም ልጅ ነው። ከሥሩ እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ አለው፤ ከኋላ ድፍን አክስል አለው፤ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ከባድ ማርሽም አለው። ከላይና ከፊት ግን የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ከፊት ያለው ባሊስትራ ቀርቶ እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ ሞላ ይንቀሳቀሳል፤ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር፤ መስኮት፣ ሬዲዮ፣ ምቹ ወንበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የቶዮታ ራቭ ፎር ሲመጣ ሻንሲውን ጨርሶ ትቶ በአውቶሞቢል አካል ላይ ተሠራ፤ ከባዱ ማርሽም ቀረ። ቪታራ በመሐል የቆመ ነው። የሚወደድበትም የሚታመምበትም ምክንያት ይኸው መሐል መቆሙ ነው።

ለምሳሌ ፎር ዊሉን ውሰዱት። የቪታራ ፎር ዊል ሲያስገቡት የፊቱንና የኋላውን አክስል ግጥም አድርጎ ያስራል፤ በመካከላቸው ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ይንሸራተትና ነገሩ ይስተካከላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ የለም፤ ጭንቀቱ ሁሉ ዘንጉ፣ ክሮቼራው፣ ጥርሱ ላይ ይወድቃል። «ዝናብ ነው፣ ፎር ዊል ላስገባ» ብሎ ከቦሌ እስከ መገናኛ የሚነዳ ሰው እጅ የቆየ ቪታራ፣ ማርሹ አልወጣ ይላል፣ ሲታጠፍ ይጎትታል፣ ከሥር ይንኳኳል። ሻጩ «ዘይት ነው የሚፈልገው» ይላችኋል።

ተቃራኒውም አለ፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው፤ ፎር ዊሉ ለዓመታት ተነክቶ የማያውቅ መኪና። ዘንጉ ላይ ያለው ቅባት ደርቋል፤ የፊት ሀቡ ተጣብቋል። ማንሻው ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ የፊት ጎማ ግን ኃይል አያገኝም። መብራት ምስክር አይሆንም። ስለዚህ አፈር መንገድ፣ ጠጠር ያለበት ዳገት ፈልጉ፤ ፎር ዊል አስገብታችሁ ስትነሡ አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ የፊት ጎማ ጠጠር ሲበትን ይይ። አውቶማቲክ ሀብ ያለው ከሆነ ስትጨርሱ ማንሻውን መልሳችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ መንዳትን አትርሱ፤ የሚለቀው እንደዚያ ነው። ገጠር የከረመ ከሆነ ደግሞ የዲፈረንሻሉን ዘይት በጣታችሁ ነክታችሁ እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ፣ መኪናው ወንዝ ውስጥ ቆሞ ያውቃል፤ «ገጠር ወጥቶ አያውቅም» የሚለው ዜና መዋዕል እዚያ ላይ ያበቃል።

ወደ ሞተሩ። እኛ የምንኖረው 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ባለ ካርቡሬተሩ የድሮ ቪታራ ይህን አያውቅም፤ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ቤንዚን ያፈሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ጥቁር ጭስ ያየ ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ይሸሻል፤ ጥቁር ጭስ ግን የቤንዚን ነው፣ ይስተካከላል። ዘይት የሚበላው ሞተር ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እሱን ነው መሸሽ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሄዳችሁ ራሳችሁ አስነሡት። «ሞቅ አድርጌ ጠበቅኋችሁ» የሚል ሻጭ መስተንግዶው ለእናንተ አይደለም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው። አንድ የደከመ የራዲያተር ክዳን፣ ርካሽ ዕቃ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ ያጣምማል። የአባይን በረሃ አስቡት፦ ከጎሃ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ሙቀቱ ውስጥ፣ እንደገና ወደ ደጀን በሁለተኛ ማርሽ መውጣት። ብዙ ቪታራ ቴስታታውን ያስላጠው ከዚያ ዓይነት መንገድ በኋላ ነው። የሚሞከረው መኪና ሰፈር ዞሮ ሲመለስ ባይፈላ አይገርምም፤ እንጦጦ አውጡት፣ ዓይናችሁ የሙቀት መቁጠሪያው ላይ ይሁን።

አንዲት ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትይዙ ይህቺን ያዙ። በ1.6ቱ ሞተር ላይ የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር፣ የክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ትልቅ ቡሎን በልኩ ካልጠበቀ፣ ከሥሩ ያለው የማርሽ ጥርስ መወዛወዝ ይጀምራል። ትንሿ መያዣ ብረት ማረፊያዋን እየበላች ትሄዳለች። ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ባለቤቱ ካንዴላ ይቀይራል፣ ቤንዚን ፓምፕ ይቀይራል፣ ይሸጠዋል። ኮፈኑን ክፈቱና ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ከፊት ያለውን ፑሌጃ ከጎን ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ነው የሚዞረው ወይስ እንደ ሰከረ ሰው ይወላገዳል? ለዚህ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ዝገት ደግሞ የስደት ታሪክ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ቪታራ ክረምቱን ጨው በተነሰነሰበት መንገድ ላይ አሳልፏል። ላዩ እዚህ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ሻንሲው ከኋላ ሞላዎቹ አጠገብና ከፊት ሾክ አብዞርበሩ የሚታሰርበት ላይ ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ በላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ በስቱኮ ላይ አይጣበቅም።

ሌላው መንገድ ዱባይ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ መንገድ ዞራለች፤ ጃፓን ግን ዛሬም በግራ ነው የምትነዳው። ስለዚህ ከጃፓን የወጣ መኪና በመሐል ቆሞ መሪው ተነቅሎ ወደ ግራ ይዛወራል። በደንብ የተሠራ አለ፣ በችኮላ የተሠራም አለ። የዝናብ መጥረጊያዎቹን አስነሡ፤ ንጹሕ አድርገው የሚጠርጉት የተሳፋሪውን ወገን ከሆነና ከሾፌሩ ፊት ሳይነካ የሚቀር ጥግ ካለ፣ መኪናው መሪው የዞረለት ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ የገመዱን ቅጥያ ፈትሹ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ በሽታ እየቆጠሩ ለምን አይቅርብን አይሉንም?» ትሉኝ ይሆናል። ስለማይቀር ነዋ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን ከብዙ ሰው አቅም በላይ አደረገው፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሹን ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ተለቀቀ። የኤሌክትሪኩ መኪና ለከተማ መልካም ነው፤ ገጠር ለምትወጣው ነርስ ግን ቻርጅ የምታደርግበት ቦታ የለም። ስለዚህ በሌላ አገር ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ የሠላሳ ዓመት መኪና፣ እዚህ ቤተሰብ ጥሪቱን የሚያስቀምጥበት ዕቃ ሆነ። ዋጋው በመውጣቱ ሊያልቅ የነበረው መኪና ሁሉ ተጠግኖ፣ ተቀብቶ፣ ገበያ ላይ ይቆማል። ድሮ ሶማሌ ተራ ተበትኖ ለመለዋወጫ የሚሸጠው አሁን «ሙሉ ሰርቪስ የተደረገለት» ተብሎ ይሸጣል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው አርጅቶ ሳለ ዋጋው ስለጎረመሰ ያላረጀ ይመስላል።

ራቭ ፎር ይሻላል ወይ ላላችሁኝ፦ መንገዳችሁ አስፋልትና ደህና ኮረኮንች ከሆነ አዎ፣ ይሻላል፤ ይመቻል፣ ፎር ዊሉም ራሱን ያስተዳድራል። ከ2001 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ አውቶማቲክ ከሆነ ግን ማርሽ ሲቀይር ይመታ እንደሆነ ልብ በሉ፤ የዚያ ዘመን ኮምፒውተሩ የታወቀ ሕመም አለበት፣ ካቆዩት ካምቢዮውን ይዞ ይሄዳል። ጭቃ፣ ዳገትና ወንዝ ካለባችሁ ቪታራ። ባለ አምስት በሩን ምረጡ፤ ሦስት በሩ ቆንጆ ነው፣ ግን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው 2.2 ሜትር ብቻ ስለሆነ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ኋላው ይቀብጣል።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ከሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ አጽድታችሁ፣ ፊደል በፊደል፣ አንዳችሁ እያነበባችሁ አንዳችሁ እያያችሁ አመሳክሩ። ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ምልክት ካለ፣ ወይም አንዱ አኃዝ ከጓደኞቹ ጠለቅ ወይም ዘመም ብሎ ከተቀረጸ፣ ደላላው «ይህማ የፋብሪካ ነው» ቢልም ብራችሁን ይዛችሁ በታክሲ ተመለሱ። ሦስታችሁም መኪናውን ስታገኙ ፎቶ ላኩልኝ፤ የፊት ለፊቱን አይደለም፣ የሥሩን።